የእማዬ «ወይ»

አምና ሐምሌ ላይ ነው፤ አገር ቤት ዝናብ ሲዘንብ ኩዌት ከቧንቧው ሙቅ ውሃ የሚወርድበት ወቅት። የምሠራው ቁርጡባ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። የማዳም እናት ስኳር አለባቸው፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደግፌ የማስገባቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ጆሯቸውን ተመረመሩ። ሐኪሟ፣ «ዕድሜም ይሆናል፤ ግን ስኳር ብዙ ከቆየ ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው» አለች። ለጆሯቸው መስሚያ ሲታዘዝላቸው ቀናሁ። አላህ ይማረኝ፣ በአሮጊት ጆሮ ቀናሁ።

ቅናቱ አዲስ አልነበረም። ልጅ እያለሁ፣ ወሎ፣ በታላቅ እህቴ በዘሃራ እቀና ነበር። እማዬም ስኳር ነበረባት፤ የእሷ ሻይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል እንጂ ስኳር አይገባበትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበር ጀምሬ «እማዬ!» እላለሁ። ዝም። ዘሃራ በዚያ ወፍራም ድምጿ አንዴ ስትጠራት «ወይ ልጄ! አላህ ያሳድግሽ!» ትላለች። ዱዓው ሁሉ የዘሃራ ነበር።

አንድ ቀን ማሽላ ስታበጥር ከጀርባዋ ቆሜ ሦስቴ ጠራኋት። ዞር አላለችም። ዘሃራ ከጓሮ ጠራቻት፤ ዞረች። ራት ሳልበላ ጎተራው ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

«እማዬ እኔን አትወደኝም» አልኳት ዘሃራን።

«እንደ ጫጩት ጭው ጭው እያልሽ ማን ይስማሽ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ኩዌት መጥቼም ያው ነበር። ስደውል እማዬ «እሺ፣ እሺ» ትልና ስልኩን ለዘሃራ ትሰጣለች። ልጄን የምታሳድግልኝ ዘሃራ ናት፤ ውለታዋን አላህ ይክፈላት። ግን ስልኩ ከእማዬ እጅ በወጣ ቁጥር ያቺ የጎተራ ሥር ልጅ ትነሳብኝ ነበር።

ያኔ የስኳር ነገር ከሻይ የሚያልፍ አይመስለንም ነበር። ጆሮዋን የሚያይላት ቀርቶ የጠረጠረላትም አልነበረም።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት፣ ሱብሒ ሰግጄ ደወልኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ ቀስ ብዬ «እማዬ» አልኩ።

«ወይ! ማነው ይሄ ጎረምሳ?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ከድጃ።»

«ከድጄ! ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽኝ?»

ዘሃራን ስጪኝ፣ ጆሮሽን ታስመርምርሽ አልኳት። ስልኩን ግን እማዬ አልሰጠቻትም፤ ዱዓ ጀምራ ነበር። እኔም በየመሃሉ፣ በወፍራሙ ድምፄ፣ «አሚን» አልኩ።