እናቴ የምትለካኝ በጣቷ ነው

እናቴ ሚዛን አታውቅም። ሮብ ገበያ የምትባለው የትውልድ ከተማዬ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ገና ደጅ ላይ ቀኝ እጄን ትቀበልና አንጓዬን በአውራ ጣቷና በመሀል ጣቷ ትከበዋለች። ጣቶቿ ካልተገናኙ «እሰይ» ትላለች። ለመገናኘት ከተቃረቡ ግን ፊቷ ይለወጣል፤ ያን ቀን ከማዕዱ ቶሎ አልነሳም።

ልማዱ የጀመራት በአባቴ ነው። አባቴን ስኳር ይዞት፣ እግሩ ላይ የወጣችው ቁስል አልድን ብላ፣ ያ ሙሉ ሰውነቱ ዓይናችን እያየ ሲሟሽሽ፣ በየማለዳው አንጓውን ትይዝ ነበር። አንድ ጠዋት ጣቶቿ ተገናኙ። ጓሮ ወጥታ ስታለቅስ ሰማኋት። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ለእናቴ መክሳት ማለት ሞት የሆነው ያኔ ነው።

እኔ ደግሞ መክሳት ነበረብኝ። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ማለክለክ ስጀምር ጤና ጣቢያ ሄድኩና ተመረመርኩ። ነርሷ ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነግራኝ «ካልቀነስሽ መድኃኒት መጀመርሽ ነው» አለችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን አላየሁትም፤ የማየው የአባቴን እግር ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ረዳኝ። ባጃጁን ትቼ በእግሬ መሄድ ያዝኩ፤ ከወጡ ዘይት ቀነስኩ፤ ጎመን አበዛሁ። ክብደቴ ወረደ። ከፋሲካ በኋላ ግን ሚዛኑ ሰማንያ ሁለት ላይ ተቀመጠና ፍንክች አልልም አለ። ወለሉ ዘንበል ብሎ ይሆናል ብዬ ከሳሎን ወደ ጓዳ አዛወርኩት፤ ሰው እንደሚሰማ ሁሉ ሰደብኩት። ምሳ ተውኩ። ቀጥዬ እራት ተውኩ። አንድ ቀን እያስተማርኩ ሰሌዳው ዞረብኝና ጠረጴዛ ይዤ ቆምኩ። ሚዛኑ ያው ሰማንያ ሁለት ነው።

ነርሷ ተቆጣችኝ። «ራስሽን እያስራብሽ አይዘለቅም። ሦስቴ ብይ። ባቄላውን፣ ምስሩን፣ አትክልቱን አብዢ፤ እንጀራውን መጥኚ፤ በደንብ ተኚ፤ መራመዱንም አትተዪ። ይልቅ ሥራ በማትገቢበት ቀን፣ ቅዳሜ ምንድነው የምትበዪው?»

«ቅዳሜ እናቴ ጋ ነኝ» አልኳት።

ፈገግ አለች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

የምታውቀውን ነገር ሰው ሲነግርህ ያናድዳል። ከፋሲካ ወዲህ እናቴ ቤት ቅንጬው በቅቤ ይዋኛል፤ ከዚያ ዶሮው ይመጣል፤ ከዚያ እርጎው። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» የምትላት ይቺ ብቻ ማለቂያ የላትም። ሳምንቱን ሙሉ ተርቤ ያጎደልኩትን በአንድ ከሰዓት እመልሰው ነበር።

እምቢ ማለት ያቅተኝ አልነበረም። የፈራሁት ለምን ብላ እንዳትጠይቀኝ ነው። አባቴ ሳይታመም ያ ደንዳና ሰውነቱ የእናቴ ኩራት ነበር። ጎረቤቱ «ባሏን እንዴት አድርጋ ነው የያዘችው» ሲላት እየሰማች ትሽኮረመም ነበር። ይህን ከእሷ መውሰድ አልፈለግኩም።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ሦስተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ስታመጣ እጇን ያዝኩት።

«እማ፣ በቃኝ።»

«ምኑን በላሽና ነው? እጅሽ እኮ ሰልሏል።»

«ስኳር ሊይዘኝ ነው። እንዳይዘኝ መክሳት አለብኝ።»

ጉርሻው እጇ ላይ እንዳለ ቆየች። «ምን ትያለሽ አንቺ? አባትሽን ያከሳው እኮ ስኳር ነው።»

«ያከሳውማ በኋላ ነው።»

ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እናቴ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰችው።

«በፊትስ?» አለች።

ዓይኔን ወደ ትሪው አወረድኩ።

«በፊትማ እኔ ነበርኩ የማበላው» አለች፣ ቀስ ብላ።

በዘርም ይመጣል፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የወፈረ ሁሉ አይታመምም፣ የበላ ሁሉ አይታመምም እያልኩ ተንተባተብኩ። የተናገርኩት እውነት ነው። እሷ ግን ትሪውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክሄድ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ስታወራኝ ቆየች። ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ደብረ ማርቆስ ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ቀቅላ፣ ጎመን ከባቄላ ጋር አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። ሳህኑን ስታቀርብ «ይሄስ ይጎዳል?» ትለኛለች። ከምሳ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አብራኝ ትራመዳለች፤ ዳገቱ ላይ እኔን ቆማ የምትጠብቀኝ እሷ ነች። በሳምንቱ ሌላ ቀን ሦስቴ እበላለሁ፤ ምሳዬንም አልዘልም። ሚዛኑም ቀስ እያለ መውረድ ጀምሯል፤ ክረምቱ ሲወጣ ነርሷ መድኃኒት ለጊዜው አያስፈልግሽም ብላኛለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን እናቴ ደጅ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ትስመኛለች እንጂ አንጓዬን አትይዝም። ባለፈው ቅዳሜ እኔው እጇን ወስጄ አንጓዬ ላይ አደረግኩላት።

«እማ፣ እስቲ ለኪኝ» አልኳት።

እጇ እዚያው አረፈ። ጣቶቿን ግን አላጠፈቻቸውም።