ግድግዳው የእሷ፣ ድስቱ የእሱ

ጭራሮን የማውቃት ከሥራ ቦታ ነው። የሆስፒታላችን ካርድ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ሥራችንም በመስኮቱ በኩል የታካሚውን ቁጥር ተቀብለን ካርዱን ፈልገን ማውጣት ነው። እሷ ስትቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀጭን ስለሆነች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጭራሮ አልናት። አልተቀየመችም። "ጭራሮ ባይኖር ጉቶው በምን ይያያዝ ነበር?" አለችን፤ ስሙም እዚያው ጸደቀላት።

አባቷ ግንበኛ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲገነቡና ሲለስኑ ኖረው፣ የቀኝ ትከሻቸው አልነሣ ሲል ነው ያቆሙት። ሙያቸውን ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ለማውረስ ብዙ ደክመዋል፤ ግን አንዱ ሾፌር ሆነ፣ አንዱ ሱቅ ከፈተ። ጭራሮን ማንም ነይ ተማሪ አላላትም። እሷ በልጅነቷ ምሳ እያመላለሰች፣ አባቷ በልተው እስኪጨርሱ አሸዋው ክምር ላይ ቁጭ ብላ የሠራተኞቹን እጅ ስታይ ነው ያደገችው። አንድ ቀን ልስን የሚያለሰልሱበትን ጣውላ አንሥታ እንደነሱ ግድግዳው ላይ ልታዞረው ስትል፣ አባቷ "አስቀምጪው፣ እጅሽ ይሻክራል" አሏት። ክፉ ተናግረው አይደለም። እሷ ግን ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ትንሽ ወረድ ይላል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የኛን የሥራ ጋዋን የሚሰፋው እሱ ነው፤ ሱቁ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነው። የእሷን ጋዋን ሦስት ጊዜ "ልክ አልመጣም" እያለ ሲያስጠራት፣ እኛ በመጀመሪያው ነቅተን ነበር፤ እሷ በሦስተኛው ገባት።

ተጋብተው የተከራዩት ከአንዲት አሮጊት ግቢ ጓሮ ያለ አንድ ክፍልና ትንሽ ኩሽና ነው። ክፍሉ ለዓመታት የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ነበር። በስተግራ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠጥቶ ቢጫና ቡናማ ሆኗል፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። አከራያቸው እውነቱን ነው የነገሯቸው። "ልጆቼ፣ ክፍሉ እንደምታዩት ነው። እንዳሻችሁ አድርጉት። ብቻ እንዳታፈርሱብኝ" አሏቸው።

አባቷ ይህን ሲሰሙ "የማውቀው ልጅ አለ፣ እልክልሻለሁ" አሉ።

"አይ አባዬ፣ እኛው እናደርገዋለን" አለች።

"አንቺና ማን?" አሉ፣ ልብስ ሰፊውን ቀና ብለው እያዩ። ልብስ ሰፊው ወደ ጫማው አየ።

ሙሽሮች ናቸውና ቸኮሉ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ግድግዳውን ሁሉ ነጭ ቀለም ቀቡት። ሰኞ ካርድ ክፍል ስትገባ ፀጉሯ ላይ ሳይቀር ቀለም ነበር፤ ደስታዋ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም። ቀለሙ ፊኛ እያወጣ፣ ፊኛው እየፈነዳ፣ ጠዋት ሲነሡ አልጋው ላይ ቅርፊት ይለቅሙ ጀመር።

የኩሽናውም ነገር ከዚያ አይሻልም ነበር። ሱቁ ቅርብ ስለሆነ ቀድሞ ቤት የሚደርሰው እሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ነው የምትገባው። አንድ ቀን እሱ ሊያስደስታት ሩዝ ቀቀለ። ታቹ ከሰል፣ ላዩ ጠጠር፣ መሐሉ አጥሚት ሆነ። እሷ በልታ "ጥሩ ነው" አለችው። እሱም አንድ ጊዜ ጎርሶ "ውሸታም" አላት። ይህን ስትነግረን ካርድ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን ስትጨርስ "እኔም ከሱ አልሻልም፤ እናቴ ኩሽና አታስገባኝም ነበር። እሱ ግን ይወደዋል። ልጁ ሽንኩርት ሲከትፍ እንደ ስፌት መስመር ነው" አለች።

በዚያው ሳምንት ተነጋገሩ። ድስቱ የእሱ፣ ግድግዳው የእሷ እንዲሆን ተስማሙ።

እሱ ሌላ ከተማ ላሉት እናቱ ደወለ። እናቱ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው አስተማሩት። በየማታው ስልኩን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያበስላል።

"አሁን ሽንኩርቱን ጣልኩት፣ እማዬ።"

"እሳቱን ቀንስ።"

"ቀንሻለሁ።"

"ውሸት፤ ጩኸቱ እኔ ጋ ይሰማል። ሽንኩርት እንደ አማት ነው ልጄ፤ ቀስ ብለህ ካልያዝከው ሁላችሁንም ያስለቅሳል።"

ጭራሮ ከወዲያ ሆና "ሰምቻለሁ እማማ" ስትል፣ "እንድትሰሚ ነው" ይላሉ።

እሷ በበኩሏ መሮና መዶሻ ከማንሣቷ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልታውቅ ፈለገች። ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ጃንጥላ ይዛ ቤቱ ጀርባ ቆመች። አከራይቷ በመስኮት አይተው "ምነው፣ ተጣላችሁ?" አሏት። አልተጣሉም። ጣሪያው ላይ ያለው አሸንዳ መጋጠሚያው ለቆ፣ ውሃው ሁሉ በግድግዳው ጀርባ ሲወርድ አየች። ለዓመታት የቀቡትም የለሰኑትም ሁሉ ያከሙት ቁስሉን እንጂ በሽታውን አልነበረም። በማግሥቱ መሰላል ላይ ወጥታ አሸንዳውን አጋጠመችው፣ በሽቦም አሰረችው። ባሏ መሰላሉን ይዞላት ነበር። ከፍታ ስለሚፈራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የያዘው፤ የወጣችው እሷ፣ ያላበው እሱ።

ከዚያ አሮጌውን ልስን እስከ ድንጋዩ ድረስ ላጠችው። አከራይቷ እሷ አቧራ ለብሳ በመዶሻ ስትመታ፣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ካሮት ሲልጥ አዩና "ዓለም ተገልብጣለች" ብለው ሄዱ። ትንሽ ቆይተው ወንበር ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ወንበር አልጠፉም።

ግድግዳው እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። አልጋውን ክፍሉ መሐል አድርገው፣ ዕቃውን ሁሉ በላስቲክ ሸፍነው ነው የኖሩት። እሱ "በቃ አይበቃውም?" ሲላት፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ባለፈው አይተነዋል" አለችው። ልስኑን በጀመረች ቀን ግን የለጠፈችው ሁሉ እየተላቀቀ እግሯ ሥር ወደቀ። ሁለተኛም ሞከረች፤ ወደቀ። ያን ቀን አባቷ ቤት ሄደች። ስለ ትከሻቸው ጠየቀች፣ ስለ ጎረቤት አወራች፣ ከዚያ እንደ ዋዛ "አባዬ፣ ድሮ ልስን ሲወድቅባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?" አለች።

"የሚወድቀው ግድግዳው ውሃ ጠምቶት ነው። ቀድመሽ ካላጠጣሽው የልስኑን ውሃ ይመጥና ይተፋዋል" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ለምን ጠየቅሽ?" አሉ።

"እንዲሁ።"

ሰውየው አርባ ዓመት የሠሩ ናቸው፤ "እንዲሁ" አያታልላቸውም። ልጅቷ ስትወጣ ጥፍሯን ሲያዩ እናቷ አይተዋቸዋል።

ግድግዳውን አጠጣችው፤ ልስኑም ያዘ። በሁለት ወር ውስጥ፣ በቅዳሜና በእሑድ ብቻ፣ አራቱንም ግድግዳ ጨረሰች። ሦስቱን ነጭ፣ ያን ሲያስቸግራት የኖረውን ግራ ግድግዳ ደግሞ የፓፓያ ውስጥ የመሰለ ቀለም ቀባችው። አከራይቷ የጣሉትን አሮጌ በር በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ የቁልፉን ቀዳዳ በእንጨት ደፍና፣ እግር አበጅታ የምግብ ጠረጴዛ አደረገችው። እሱም ከሱቁ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ መጋረጃና የወንበር ትራስ ሰፋ። መጋረጃውን ሳየው፣ ግማሹ የኛ ጋዋን ትርፍ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ሲያምር ግን ከመሥሪያ ቤታችን የወጣ ጨርቅ አልመሰለኝም።

አንድ እሑድ ወላጆቿን፣ አከራይቷንና እኔን ምሳ ጠሩን። ቀድሜ ደርሼ ነበር። ልብስ ሰፊው ራሱ የሰፋውን ሽርጥ ታጥቆ ኩሽና ውስጥ ነው። የካሮትና የድንች ሾርባ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ የተጠበሰ ዶሮ፣ ፍሬ ፍሬው የተለየ ሩዝ፣ በመጥበሻ የጋገረው ትኩስ ዳቦ አለ። ጭራሮ ግን ምግቡን አታይም፤ በሩን ነው የምታየው።

አባቷ ገቡ፣ ሰላም አሉን፣ ወንበር ስንስብላቸው አልተቀመጡም። በቀጥታ ወደ ግራው ግድግዳ ሄዱና መዳፋቸውን ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው አስኬዱት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው መብራቱን አበሩና ግድግዳው ላይ በጎን አስተኙት። እንዲህ ሲበራ ጎርባጣ ካለ ጥላ ይጥላል ብላ ጭራሮ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ እጄን ይዛኝ ነበር። ከኩሽና የድስቱ ክዳን ሲንቀጠቀጥ ብቻ ይሰማል።

"አሸንዳውን ማን ሠራው?" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"እኔ። እሱ መሰላል ያዘልኝ።"

"ልስኑንስ?"

"እኔ።"

እጃቸውን ከበሩ በላይ አሳረፉ። "እዚህ ጋ እጅሽ ደክሟል።"

"አዎ። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ መጨረሻ ላይ ነው የደረስኩበት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዞሩና አዩዋት፤ ትልቅ ሰው ሌላ ትልቅ ሰው እንደሚያይ። "የቀረው የኔ እጅ ይመስላል" አሉ።

እናቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጭራሮ አላለቀሰችም፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ስድስት ዓመት አብሬያት ስሠራ እንደዚያን ቀን ረዝማ አይቻት አላውቅም።

ማዕዱ ቀረበ። አባቷ ሾርባውን አንድ ጊዜ ቀመሱና ማንኪያቸውን አቆሙ።

"ይህንንስ ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"ሙያ በልብ ነው ማለት ይኼ ነው" አሉ። "እኔ ይህን ሁሉ ቤት ሳቆም ውሃ እንኳ አፍልቼ አላውቅም።" ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። አከራይቷም ከጎናቸው ሆነው፣ ሥራው ሁሉ በሳቸው ቁጥጥር እንደተሠራ ለእናቷ ይተርኩ ነበር፤ ወንበራቸውን ሳይቀር ጠቀሱ።

አባቷ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሙና "የኛ በረንዳ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ቅዳሜ ይመችሻል?" አሏት። ያ ስንጥቅ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሳቸው ሊሠሩት አይችሉም፣ ሌላ ሰውም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር።

ቅዳሜ እሷ መሰላል ላይ፣ አባቷ ወንበር ላይ፣ ልብስ ሰፊው ምሳ ዕቃ ተሸክሞ በሩ ላይ። አባቷ እያረሙ፣ እሷ እየመለሰች፣ አንዳንዴም እሷ እምቢ እያለች በሁለት ቅዳሜ ጨረሱት። አብሯቸው የሠራ አንድ አሮጌ ግንበኛ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየና "ትከሻህ ዳነ እንዴ?" አላቸው። "አልዳነም፤ ልጄ ናት። እኔ ወሬ ብቻ ነው የሠራሁት" አሉት። ሰውየው ገብቶ ግድግዳውን ዳሰሰ። አባቷ እስኪዳስስ ድረስ ጠበቁት፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

ዘንድሮ የካርድ ክፍላችንን የኋላ ግድግዳ ራሷ ናት የሠራችው፤ አለቃችን ፈቅደው ሁለት እሑድ መደርደሪያውን ሁላችንም ተጋግዘን አነሣንላት። ሥራዋንም አልለቀቀችም፤ ካርድ እንደሷ ፈጥኖ የሚያገኝ የለም። ቅዳሜ ግን ሰው ቤት ትጠራለች፣ ባሏም ምሳዋን ይዞ ይከተላታል። እኔም የራሴን ባል አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ጋ ልኬው ሾርባ ተምሮ መጣ። ጨው ያበዛል፤ ግን ይሠራል።