የዲላው ጓጉንቸር

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ለምትገባው የልጅ ልጄ ጓጉንቸር ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ሁለት አስወጣሁና የአንዱን ቁልፍ በሌላው ሞከርኩ። ባለሱቁ ወጣት ግራ ገብቶት "እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለኝ። ምን ልበለው? ነገሩ የጃንሆይ ዘመን ነው።

ያኔ ከወናጎ መጥቼ ዲላ ስማር፣ ከአክስቴ ልጅ ከማርታ ጋር ተማሪዎች በሞሉበት ግቢ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን ነበር። ንብረታችን አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ብርድ ልብሶቻችንና በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ነው። ታዲያ በሰፈሩ የተማሪ ቤት ይሰረቅ ነበርና አባቴ ገበያው ካለ ሱቅ ጓጉንቸር ገዝቶ በሩ ላይ ሰቀለልን። እቅጩንም ነገረኝ፦ "አንድ ነገር ቢጠፋ ወደ ቤትሽ ነው። እኔ ቤት ሌባ አይገባም።"

ያቺን "ወደ ቤትሽ" እንዴት እንደፈራኋት! ትምህርት እወድ ነበር፤ ሁሉም የሚሸሸውን ሒሳብ እንኳ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በዝናብ ሮጬ ስመጣ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማርታ ጋ ነው። ጎረቤታችን ሽፈራው፣ ከጨለለቅቱ የመጣ ተማሪ፣ "እስቲ በእኔ ልሞክርልሽ" ብሎ ሊያሾፍብኝ የራሱን ቁልፍ ከተተ። ጠቅ! ተከፈተ።

ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የያዘን ጉድ የማየት ጉጉት ነበር። ዝናቡን ረስተን ተማሪዎቹን ሁሉ ጠራንና የግቢውን በሮች አንድ በአንድ ሞከርን። ሁሉም ተከፈቱ! ለካ ሁላችንም የገዛነው ከአንድ ሱቅ ኖሯል። ማታ ማርታ ስትሰማ "አደራሽን፣ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ።

ቅዳሜ አባቴ ቆጮ ይዞልን መጣ። ሽፈራው ሆዱ ወሬ አይቋጥርም፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ እየሳቀ ሁሉንም ዘረገፈለት። አባቴ አልሳቀም።

"በይ፣ ልብስሽን ሰብስቢ" አለኝ።

እያለቀስኩ ገባሁና ሳጥኑን ከፈትኩ። አባቴ ግን አልተከተለኝም። ቀና ስል ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የቡና መጋዘናችንን ቁልፍ ያገላብጣል። የመጋዘኑንም ጓጉንቸር የገዛው ከዚያው ሱቅ ነው። በራችን ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ዘጋና ቁልፉን እየፈራ እየቸረ ከተተው።

ጠቅ!

ወይ አባቴ! የዓመት ቡናው ሁሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። ግራ ቀኙን አየና ቁልፉን ቶሎ ሸሚዙ ውስጥ መለሰ።

"ልብስሽን መልሺ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄን ደግሞ ወናጎ ላይ አንድ ሰው እንዳይሰማ!"

ለባለሱቁ "ምንም አይደል ልጄ፣ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኩት። የአንዱ ቁልፍ ሌላውን አልከፈተም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ቅር አለኝ። ያኔ የአባቴም ቁልፍ እንዲህ እምቢ ቢል ኖሮ፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ አልሆንም ነበር።