የወታደር ካሚዮን ገዝቼ ኮኪት የገባሁ ዕለት

ሞተር የሚባል ነገር ማንም አላስተማረኝም። ፊደልም ቢሆን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ራሴው ነኝ የቆጠርኩት። በሱዳን በኩል ባሉት እርሻዎች በጉልበት ሥራ ስኖር፣ ትራክተር ሲፈታ ቆሜ አየሁ፤ ሲገጠም እጄን አስገባሁ፤ በሦስተኛው ዓመት እኔው ፈትቼ እኔው የምገጥም ሰው ሆንኩ። ወደ አገሬ ተመልሼ ኮኪት እርሻ ከያዝኩ በኋላም ከመተማ እስከ ሽንፋ ሞተሩ የቆመበት ሁሉ እኔን ነበር የሚያስጠራው። ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ የትኛው ብሎን እንደላላ እናገር ነበር። ይህን ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

ካሚዮኗን የገዛሁት በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ በጠናበት ዓመት ነው። ጎንደር ላይ አንድ ነጋዴ ጦሩ ያስወገዳቸውን መኪናዎች በጨረታ ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቁሟቸው ነበር። ሁሉንም አስነስቼ አዳመጥኩና አንዷን መረጥኩ። ነጋዴው ሳቀ፤ የመረጥኩት እሱ ለራሱ ሊያስቀራት ያሰባትን ነበር። ጀርባዋ ላይ ሸራዋ እንዳለ ነው፤ በግራና በቀኝ ወታደር የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች አሉ፤ በበሯ ላይ ነጭ ቁጥር ተጽፏል።

ነጋዴው ወረቀቴን ከሰጠኝ በኋላ፣ «ቀለሟን ለውጠህ፣ ቁጥሯን አጥፍተህ ውሰዳት፤ ሁለት ቀን ብትቆይ ነው» አለኝ።

ሁለት ቀን አልነበረኝም። ሰሊጤ ቢጫ ሆኖ ነበር የተውኩት። ሰሊጥ ቀን አለው። ታች ያለው ፍሬ ቢጫ ሲሆን ታጭዶ፣ እየታሰረ ቆሞ መድረቅ አለበት። ጥቂት ቀን ካሳለፉት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ማሳውን ከጎጃምና ከወሎ ለወረዱ አጫጆች ሰጥቼ፣ የሥራ አለቃቸውን ካቦውን አደራ ብዬ ነበር የመጣሁት። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ አረንጓዴው ቀለም አምሮኛል። የሥራ ካኪዬን ለብሼ መሪውን ስይዝ ካሚዮኗ የተሠራችው ለእኔ መሰለኝ።

ጎንደር መውጫው ኬላ ላይ የቆመው ወታደር ገመዱን ለቀቀና ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም በእጄ መለስኩለት። አይከል ስደርስ የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያው መሀል ለመሀል ተከፈለልኝ። በስፖኪዮ ዞር ብዬ ሳይ ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተዋል። ግዝፈቷ አስደንግጧቸው ነው ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ ወዲያ አንዲት የመንገድ ዳር መንደር ለራዲያተሯ ውሃ ፈልጌ ቆምኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ በሩጫ መጣ።

«ጌታዬ፣ የዚህን ወር ኮታችንን ባለፈው ሳምንት አስረክበናል» አለኝ። «የቀሩት አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ቤቶች ናቸው።»

ገበሬ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ውሃ እንዲያስመጣልኝ አዘዝኩት፤ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። በግ ሊጨምርልኝ ሲል በጉን እምቢ አልኩ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠርኩት።

የጭልጋን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት ግን ልናገር። ያን መንገድ ስንት የሠለጠነ ሾፌር ፍሬኑን አቃጥሎ ገደል ገብቶበታል። እኔ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኗን ለስሙ ብቻ እየነካሁ፣ ድንጋይ ሳላስፈነጥር ቆላ አስገባኋት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኮኪትን አልፌ ወደ ማሳዬ ታጠፍኩ። አጫጆቹ በተርታ ጎንበስ ብለው እየዘፈኑ ያጭዱ ነበር። ገና ግማሹም አልታጨደም። እኔ መሆኔን እንዲያውቁ ብዬ ክላክሱን በረጅሙ ነፋሁት።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ሁሉም ቀና አሉ። አንዱ አፈሳ መጣ ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጀርባቸውን ብቻ ነው። ማጭዳቸውን፣ ጋቢያቸውን፣ የውሃ ጀሪካናቸውን ጥለው ከማሳው አጠገብ ያለው ማሽላ ውስጥ ገቡ። ከማሽላው ወዲያ ጫካ ነው፤ ከጫካው ወዲያ ሱዳን ነው። ወርጄ እኔ ነኝ እያልኩ እጄን አወዛወዝኩ። ካኪ የለበሰ ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ያየ ይበልጥ ሮጠ።

የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ለውትድርና ዕድሜው ያለፈበት የጎጃሙ ካቦ፣ ሁለተኛዋ ከሳንጃ የመጣችው ምግብ አብሳያችን። ካቦው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሄደህ ጥራቸው አልኩት።

«በምን አፌ ልጥራቸው?» አለኝ። «ቆላ ማንም አይደርስባችሁም ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የእህቴም ልጅ አብሯቸው ሮጧል።»

ሴትዮዋ የምሳውን ድስት አውርዳ ክዳኑን ከፈተችው። «ይኼን ማን ይብላው?» አለችኝ። «መኪናዎ ይብላው?»

ሰው ሲጠፋ በመኪና ይፈለጋል ብዬ ካሚዮኗን አስነሳሁና የማሳዎቹን ዳር ዳር ይዤ ሄድኩ። በደረስኩበት ሁሉ የሌላው ገበሬ አጫጅም ማጭዱን ጥሎ ይሮጣል። እኔ የራሴን ሰዎች የማገኝ እየመሰለኝ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የጎረቤቶቼን ማሳ ሁሉ ባዶ አደረግኩት።

ጎረቤቶቼ ተሰብስበው የራሴ ማሳ ጫፍ ላይ ጠበቁኝ። ከፊት የቆመው ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት አበልጄ ነበር። ትራክተሩን ስንት ጊዜ አስነስቼለታለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሰላምታ አልሰጠኝም።

«አበልጄ፣ ሞተሩን አጥፋው» አለኝ። አጠፋሁት። «አሁን ቁልፉን ስጠኝ።»

ሰጠሁት። ኪሱ ከተተውና ሄደ። ሌሎቹም ተከትለውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የፈለግኳቸው በእግሬ ነው። ጫካው ውስጥ የእሳታቸውን አመድ አገኘሁ፤ እነሱን አላገኘሁም። አንድ ከብት ጠባቂ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ያየኋቸው አሉ፣ የቀሩትን ግን አላውቅም አለኝ። ተመልሼ ከካቦው፣ ከሴትዮዋና ከባለቤቴ ጋር ማጨድ ያዝኩ። አራት ሰው የዚያን ማሳ አንድ ጥግ አይጨርስም። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምታጭደው።

በሦስተኛው ቀን ሰሊጡ መከፈት ጀመረ። ፀሐይ በርታ ስትል ቀስ ያለ ድምፅ አለው፤ ጆሮ ላለው ይሰማል። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የረገፈው ፍሬ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ማንም አይለቅመውም። መዳፌን ከአንዱ ሰሊጥ ሥር ዘርግቼ ትንሽ ያዝኩ። ከዚያ የት እንደማደርገው ቸገረኝ።

በአራተኛው ቀን ካቦው ክንዴን ነካ አደረገኝ። ማሽላው ጫፍ ላይ ሦስት አራት ራስ ይታያል። የእኛ ሰዎች ናቸው። ወደ ማሳው ያዩና ወደ ካሚዮኗ ያያሉ፤ አንድ እርምጃ አይጨምሩም። ልጣራ አፌን ስከፍት ካቦው ከለከለኝ።

«አይጥሩ» አለኝ። «አይንቀሳቀሱ። ዝም ብለው ይቀመጡ።»

መኪናዋን ከዚያ ላንሳት ብል ቁልፉ እኔ ጋ የለም፤ ቢኖርም ሞተሯ ከተሰማ ዳግመኛ አናያቸውም። ጥላዋ ሥር ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሰሊጡ ይረግፋል። መቀመጡን አልቻልኩትም፤ ቀስ ብዬ ተነስቼ ኮፈኗን ከፈትኩ። ዘይቷ ልኩ ላይ ነው። ውሃዋ ሙሉ ነው። የማራገቢያዋ ቺንጋ አልላላም። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ አንድ ብሎን አልተነቃነቀባትም፤ የሚጠገን ነገር አጣሁባት። ስዘጋው ድምፅ እንዳያሰማ ፈርቼ ኮፈኑን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፤ እነሱም ማሽላው ውስጥ ቆመው ያዩኛል።