ያልተለካው ራስ

የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም ረቂቅ እጅ አለው ይባላል። ሐሰት ነው። አዲስ አበባ ለስልጠና በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ያስጨበጡኝ መሰርሰሪያ ነው፤ በር ከሚሰቅል አናጢ የሚለየኝ መሣሪያዬ መቀቀሉ ብቻ ነበር። አለቃዬ፣ ሽማግሌ ቀዶ ሐኪም፣ ስቸኩል አይተው፣ “ቀስ በል! የምትፈልገው አጥንቱን አይደለም፤ አጥንቱ የሚያልቅበትን ነው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ሥራዬ አንድ ነው። ሕፃን ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀምበት፣ ቀጭን ቱቦ በቆዳው ሥር አሳልፎ ውሃውን ወደ ሆዱ ማውረድ። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ እያልኩ እቀልድ ነበር፤ ደብረ ታቦር እስክመጣ።

አንዲት እናት ከይፋግ አካባቢ ልጇን ታቅፋ መጣች። ራሱ እስከ ቅንድቡ በሻሽ ተጠቅልሏል።

“ፍቺው” አልኳት።

በሩ መዘጋቱን አየችና ፈታችው። ጭንቅላቱ ከትከሻው ይሰፋል። ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ነጩ ከላይ ይታያል። ባትሪ አበራሁበት፤ አልተከተለም።

“እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?” ብዬ ጮኽኩ።

“እንዴ ዶክተር! ክትባት አንድም አላስቀረሁበት። ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ‘ይሄ ወፍራም!’ እያሉ ያመሰግኑኛል።”

ያስመሰገናት ኪሎ የጭንቅላቱ ውሃ ነበር።

የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብራት መጥታለች። ወደ እሷ ዞርኩ።

“ሜትር የለሽም?”

“አለኝ።”

“ታዲያ ራሱን ለምን አልለካሽውም?”

“የሰው ልጅ ገልጬ ላፍጥጥበት? ነገ ቢያተኩሰው በላችው ነው የሚሉኝ። ቡዳ ከተባልኩ ማን በሩን ይከፍትልኛል? ማንስ ያገባኛል?”

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። “እውነቷን ነው። እኔም እላት ነበር።”

ድንቁርናን የሚመለከት ንግግር ነበረኝ፤ ከብዙ መጻሕፍት የተቃረመ። ተውኩት። አንዷ ልጇን ከዓይን ጋርዳለች፣ ሌላዋ የሰው ልጅ ላይ ላለማፍጠጥ ዓይኗን ሰብራለች። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። በጨዋነታቸው መሀል የልጁ ዓይን ጠፋ።

በማግስቱ ቱቦውን አስገባሁለት። ሲያስቸግረው የነበረው ትውከት ቆመ፤ ጡቱንም አጥብቆ ያዘ። እናቱ ጣቷን ፊቱ ላይ አወዛወዘች።

“ያያል አይደል፣ ዶክተር?”

“አያይም።”

“ቆይቶስ?”

“ቆይቶም።”

ቱቦ ውሃ ያወርዳል፤ ውሃው ተጭኖ የገደለውን የዓይን ነርቭ አያስነሳም።

ቤታችሁ ሕፃን ካለ ሻሹን ፍቱና ለጤና ሠራተኛዋ አቅርቡላት። ለኪው በሏት። ከፈራችም፣ እትፍ እትፍ ብለሽ ለኪው በሏት።