ለራስ አይቀዳም

ለጋምቤላ አዲስ የሆነችው መምህርት ነጅሚያ የሰውየውን ስም ገና አላወቀችም። በየጠዋቱ ግን ከመማሪያ ክፍሏ መስኮት ታየዋለች፤ የሸሚዙ አንገትጌ የነተበ ሸበቶ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል።

ደንቡን ያወጣው እሱ ነው አሉ፤ እዚያ ክፍል ለራሱ የሚቀዳ የለም። አኙዋኩ ለኑዌሩ፣ ኑዌሩ ለደገኛው ይቀዳል፤ ለመምህሩ ደግሞ መጨረሻ የጠጣው ልጅ።

ከአምናው ግጭት ወዲህ ግን ተማሪው ሁሉ የየራሱን ሃይላንድ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀመጠውም ከወገኑ ጋር ነው።

ዛሬም መምህሩ ቀድቶ ፊት ለተቀመጠው ልጅ ዘረጋለት። ልጁ አቀርቅሮ፣ "መምህር፣ እናቴ ከሰው እጅ አትጠጣ ብላለች" አለው።

"እናትህን ስማ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

ሲደወል ጀሪካኑን እንደሞላ ይዞት ወጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ነጅሚያ አላስችል ብሏት ተጠጋችው።

"ጋሼ፣ እኔ ልቅዳልዎት?"

"ተባረኪ ልጄ፤ ተራው የነሱ ነው" አለና ውሃውን ማንጎው ሥር አፈሰሰው።