መርፌ ያልያዝሁበት ቀን

ሲይዙኝ አተር እየለቀምሁ ነበር። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ወንድምሽ የት ነው?» አሉኝ። ወንድሜ ደሴ የሚማር ተማሪ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ድምፁም አልተሰማም። የማውቀውን ነገርኋቸው፤ የማውቀው ነገር ግን አልነበረም።

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ» አሉ።

ያስገቡኝ መካነ ሰላም፣ ከገበያው በላይ፣ ከአንድ ባለመሬት የተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ለነፋስ የተተወ አንድ ስንዝር ክፍተት አለ፤ ብርሃን የምናገኘው በእሱ ነው። እህሉ ከወጣ ዓመት ቢያልፈውም የነቀዙ ሽታ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ወለሉ አፈር ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ውሃው ከግድግዳው ሥር እየሰረገ ይገባል። ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ፤ እኔ አሥረኛ ሆንሁ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ሁኚ። እዚህ የሚያንጠባጥበው ሲዘንብ ብቻ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዝናቡ ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል፤ አላባራም።

እኚህ ሴት ከዚያው አውራጃ፣ ከቦረና ቆላ የመጡ እስላም ነበሩ። ልጃቸው ከሚሊሻ ምልመላ ጠፍቶ በእሱ ፈንታ ተይዘዋል። የሁለታችንም ወንጀል የሌላ ሰው እግር ነበር። እማማ እላቸው ነበር፤ እሳቸውም የመሪጌታ ልጅ ይሉኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴ አበጠ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ የጣቶቼ መገጣጠሚያ። ትኩሳቱ ሲመጣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ሲሄድ ልብሴን በላብ አርሶት ይሄዳል። ተኝቼ ሳለሁ ልቤ ያለ ሥራ ይሮጣል። ዘበኛው አዝኖልኝ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር አስጠራልኝ። ድሬሰሩ ደረቴን አዳመጠ፤ ቆይቶ ደግሞ አዳመጠ፤ ከዚያ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ደሴ ሆስፒታል መሄድ አለባት» ብሎ ወረቀት ጻፈ። ወረቀቱ ላይ የከተማው ካድሬ ፊርማ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ሄደ፤ ፊርማው አልመጣም።

መርፌዋን የሰጠኝም ያው ዘበኛ ነው። የካፖርቱ ብብት ተቀዶ ነበር።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለሽ? ይህን ጣፊልኝ» አለኝ፤ ስጨርስ መርፌዋን ልመልስለት ስል፣ «ተይው፣ ያዥው። ሱሪዬም መቀደዱ አይቀርም» አለ።

አባቴ በትርፍ ጊዜያቸው የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃና የካህናቱን ካባ ይሰፉ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ክር የማስገባላቸው እኔ ነበርሁ፤ በዚያው አስተማሩኝ። ማንም የማያየው የውስጥ ስፌት ካላማራቸው ተርትረው እንደገና ያሠሩኛል። ስለዚህ መርፌ እጄ ላይ ሲገባ እጄ ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል።

መጋዘኑ ጥግ የተጣለ አንድ ባዶ ጆንያ ነበር። እሱን ተርትሬ ዘረጋሁና ድሪቶ ጀመርሁ። ከእርጥቡ ወለል የሚለየን ነገር እንዲሆን ነው ያሰብሁት። ሴቶቹ ከልብሳቸው የሚቀነሰውን ሰጡኝ፤ አንዷ የቀሚሷን ጫፍ፣ አንዷ የሻሿን ግማሽ። እማማ ልጃቸው ጥሎት የሄደውን ሸሚዝ ኮሌታ ከብብታቸው አውጥተው ጥቂት አዩትና፣ «መሀል ላይ አድርጊው» አሉ። ክሩን ከነጠላዬ ጥለት መዘዝሁ።

የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እያደረስሁ እሰፋለሁ። የሰኞው ሲያልቅ የሰኞው ጨርቅ ያልቃል፤ የማክሰኞው ሲያልቅ የማክሰኞው። ሕመሙ የትም አልሄደም። ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ፣ ይህን ጠርዝ ልጨርስና እለዋለሁ፤ ጠርዙ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጠርዝ አለ። እንዲህ እያልሁት ይመሻል። ጣቴ በጣም ያበጠ ዕለት መርፌዋን በሁለት መዳፌ መሀል ይዤ እገፋታለሁ፤ ሦስት ስፌት ከሰፋሁ ቀኑ አልባከነም።

እሑድና በየወሩ የማርያም፣ የሚካኤል፣ የባለ እግዚአብሔር ዕለት መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክቼ እጄን አሳርፋለሁ። ያደግነው እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዷ ተማሪ ነበረች፤ ሳቀችብኝ።

«እዚህም በዓል አለ እንዴ፣ እትዬ?»

«ቀኑን ካልለየሁት ሁሉም ቀን የነሱ ይሆናል» አልኋት። በሚቀጥለው እሑድ እሷም ፀጉሯን ሠራችና ተቀመጠች።

ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር፤ ከእኔ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። በየስብሰባው በዓል አብዝተን ደኸየን እያለ ይናገራል ይባላል። እኛን ሊጎበኝ ሲመጣ ድሪቶውን አይቶ ነበር፤ «ይሥሩ፣ ሥራ መልካም ነው» ብሎ አለፈ። መርፌዋን ያኔ አልነካብኝም።

የዘመን መለወጫ ጠዋት የቅዳሴ መውጫ ደወል ከደብሩ ተሰማ። ቅዱስ ዮሐንስ ነው። እርስ በርሳችን እንኳን አደረሰሽ ተባባልን፤ እማማም የሁላችንንም ጉንጭ እየዞሩ ሳሙ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ካድሬው ገባ። ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በብብቱ የታጠፈ ቀይ ጨርቅ፣ በእጁ ከቢጫ ጨርቅ የተቆረጡ ፊደሎች ይዟል። በማግሥቱ፣ መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ በዓል ነው፤ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ይመጣሉ። ጨርቁን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ሁለት ቀን አድሯል። የከተማው ልብስ ሰፊ ደግሞ ለበዓል ወደ ወግዲ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዷል።

ጨርቁን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

«ፊደሎቹን በተርታ ሰፍተሽ እስከ ማታ ታደርሺልኛለሽ።»

ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የድሬሰሩን ጽሕፈት አወቅሁት። ዘርግቶ ቀዩ ጨርቅ ላይ አኖረው።

«ነገ እንግዶቹ ሲመለሱ በመኪናቸው ደሴ ትሄጃለሽ። ጨርቁ እንዳለቀ እፈርማለሁ።»

መዋሸት አልፈልግም፤ ትናንት አምጥቶት ቢሆን እሰፋው ነበር። መዳን እፈልግ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው በሰው ትከሻ ተደግፌ ነው። ወረቀቱን አየሁት፤ ፊርማው የሚያርፍበትን ባዶ ቦታም አየሁ።

«ዛሬ ቅዱስ ዮሐንስ ነው፤ መርፌ አልይዝም» አልሁት።

በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ምን?»

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ልጀምርልዎ እችላለሁ።»

«ነገማ እንግዶቹ ይደርሳሉ! ጉልበትሽን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ የምታመልኪው አምላክ አንድ ቀን ብትሰፊ ይገድልሻል?»

«አይገድለኝም» አልሁ። ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ትንፋሼ አልደረሰም።

ወደ እማማ ዞረ። «እርስዎ እስላም ነዎት፤ ይህ በዓል አይመለከትዎትም። መርፌዋን ይያዙ።»

«እኔ? ጎረቤቴ በበዓሏ ተቀምጣ እኔ አጠገቧ ልሰፋ? ወላሂ በኛ አገር ነውር ነው፣ ጌታው። ደግሞስ ዓይኔ የት አይቶ።»

«ትናንት ምስር ሲለቅሙ አይቼዎታለሁ።»

«ትናንት ያያል» አሉ እማማ። «ዛሬ አላየ አለኝ። ያ ረቢ፣ እርጅና።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ካድሬው ፊቱ ቀላ። አሁን ሳስበው እሱም ፈርቶ ነበር፤ ባዶ እንጨት ላይ ምን ሰቅሎ እንግዶቹን እንደሚቀበል አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ድሪቶው ላይ የተሰካችውን መርፌ ነቀላት፤ በሁለት ጣቱ ሰበራትና ጥሏት ወጣ። በሩ ላይ ቆም አለ።

«እንግዲህ በሽታሽን ይዘሽ አክብሪው።»

ያን ቀን ጀግና አልነበርሁም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስሁ። የወረቀቱ ነገር ነው ያስለቀሰኝ፤ ከእሱም ይልቅ የመርፌዋ። ነገ ጉልበቴ ሲነሳብኝ ምን እለዋለሁ? እማማ ጀርባዬን እያሹ ተቀመጡ።

«አብሽሪ፣ ልጄ። አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ። አሁን አልቅሺ፤ ነገ ደግሞ ነገ ነው።»

በማግሥቱ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ አውጥተው በተርታ አስቀመጡን። እንድናጨበጭብ ነው። ዝናቡ ያን ጠዋት አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከወር በላይ ፀሐይ ስላላየሁ ዓይኔን አሳመመኝ። ቀዩን ጨርቅ ሁለት እንጨት መሀል ሰቅለውታል። ፊደሎቹን በዱቄት ሙጫ ለጥፈዋቸው ነው መሰለኝ፣ ጠርዛቸው እየተነሣ በነፋሱ ይርገበገባል። እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ማንበብ ጀመረ።

እማማ ሻሻቸውን የሚያስተካክሉ መስለው እጃቸውን ወደ እኔ አንሸራተቱ። የግቢው አጥር አጋም ነው። ጠዋት ለሽንት ሲወጡ ሁለት እሾህ ሰብረው ይዘዋል።

«ይኸው የአላህ መርፌ» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬ በዓልሽ አይደለም አይደል?»

«አይደለም፣ እማማ።»

ድሪቶውን ከሥሬ አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። በእሾሁ ቀዳዳ እበሳለሁ፤ የክሩን ጫፍ በምራቄ አሹዬ በጣቴ እገፋዋለሁ፤ ከሥር እጎትተዋለሁ። አንዱ ስፌት የሦስቱን ያህል ጊዜ ይወስዳል። ጣቶቼ ያበጡ ናቸው፤ ሁለቴ ደም ወጣኝ። በግራዬ ያለችው ተማሪ አንዱን ጠርዝ ይዛ ወጠረችልኝ። ቀጥሎ ያለችው ሌላውን ያዘች። የቀሩትም ጠርዙን በተራ ያዙ፤ ሁሉም ፊት ለፊት ተናጋሪውን ያያሉ።

ማጨብጨብ ሲመጣ የሁላችንም እጅ ተይዟል።

ካድሬው አየን። በሰዎች ጀርባ ዞሮ መጣና ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድሪቶ እየሰፋሁ።»

«ዛሬ በዓል መሆኑን አታውቂም?»

ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ በፊት ፊቱን በቀን ብርሃን አላየሁትም ነበር፤ ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም።

«የርስዎ በዓል ነው» አልሁት። «እንኳን አደረሰዎ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ዞር ብሎ አየን። ካድሬው ቀና አለ፤ ካፖርቱን አስተካከለ፤ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔም እሾሁን ቀጣዩ ቀዳዳ ላይ አሳረፍሁ። የእሮብ ይሁን የሐሙስ ውዳሴ ማርያም እንደነበር ረስቻለሁ፤ ግን ያን ዕለት ከንፈሬን ሳልደብቅ ነው ያደረስሁት።

ወረቀቱን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ኅዳር ሲጋመስ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ፈቱኝ፤ መራመድ ስላልቻልሁ ዘመዶቼ በበቅሎ ወሰዱኝ። ድሪቶውን ለእማማ ተውሁላቸው። ይዘሽው ሂጂ ብለው ለመኑኝ፤ እናቴ ቤት መደቡ ላይ ቁርበት አለ አልኋቸው። ወንድሜ አልተገኘም።

አሁን የምኖረው ከልጄ ጋር ኖርዌይ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ፣ ዝናቧ የክረምታችንን ያህል የሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ በሰፈሬ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከአሮጊቶች ጋር እሰፋለሁ። ደህናውን አዲስ ጨርቅ ገዝተው፣ ቆራርጠው፣ መልሰው ይገጣጥሙታል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሳቄ መጣ፤ አሁን እኔም እቆርጣለሁ። ሲያመኝ የሚያስታግሰኝ ዛሬም ስፌቱ ነው። ሐኪሙ የልቤ ቫልቭ ድሮ፣ በዚያ ቁርጥማት ጊዜ፣ እንደተጎዳና ያኔ ብታከም ምናልባት ይተርፍ እንደነበር ነገረኝ። ልጄ ስታስተረጉምልኝ ድምፏ ተሰበረ። ቤት ስንገባ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር እኮ አይቆጣም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱማ ይቅር ይለኝ ነበር። ሰውየው ግን በማግሥቱ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር» አልኋት። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ በደብዳቤ ደረሰን። ልጄ በእኛ አቆጣጠር ስታሰላው ኅዳር ሃያ አንድ ላይ ዋለ፤ ጽዮን ማርያም። ስልኳን እንደያዘች ፊቷ ተለዋወጠ።

«ደውዬ ላስለውጠው?»

«ለምን ብለሽ?»

«በዓል ነዋ፣ እማዬ!»

«የሚሠራው ሐኪሙ ነው» አልኋት። «እኔ እጄን አጣጥፌ እተኛለሁ። ከዚያ ወዲያ በዓል ማክበር የት አለ?»

ሳቀች፤ ዓይኗን ጠረገች፤ እንመጣለን ብላ ጻፈችላቸው።